በቃሉ ባልደራስ፣ በሥራው ባላምባራስ፦ አምስት ቀን በእንግሊዝ ግንቦች

ለንደን የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር። ድግሱ እሁድ አለቀ። ሰኞ ሁሉም ሥራው ገባ፣ እኔ ከተረፈ ዶሮ ወጥና ከአምስት ባዶ ቀን ጋር ቀረሁ።

ለአምስቱ ቀን የቤት ሥራ የሰጡኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ አጎቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ፖሊስ። ሳጅን ሆነው ነው የጨረሱት። ግን በኮንስታብልነት ብዙ ዓመት ስለቆዩ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በቀልድ "ኮንስታብሉ" ይላቸዋል። ከአዲስ አበባ ስነሳ ልሰናበታቸው ደውዬ ነበር። "ስማ" አሉኝ፣ "እንግሊዝ አገር ኮንስታብል ማለት ድሮ የንጉሥ ግንብ የሚያዝ ትልቅ ሹም ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ አጣራልኝ። እውነት ከሆነ የእነዚህን ዘመዶችህን አፍ አዘጋበታለሁ።"

እሺ ጋሼ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ መቀየሩ ስለሰለቸኝ።)

ሰኞ

ታወር ኦፍ ለንደን። የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ስትወጣ ፊት ለፊትህ ነው፣ ፍለጋ የለውም። መሀል ላይ የቆመውን ነጩን ግንብ ያስጀመረው አገሩን በ1066 የወረረው ዊልያም ነው። ቁመቱ 27 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ዙሪያውን የመስታወት ፎቅ ስለከበበው ያን ያህል ላይገርም ይችላል፣ ነገር ግን ጎጆና የእንጨት ቤት በሞላበት ከተማ ውስጥ አስቡት። የተሠራው ለንደንን ከጠላት ለመከላከል ብቻ አይደለም፣ ለንደንን ራሷን ለማስፈራራት ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ላጥራ። ኮንስታብል ከላቲኑ "ኮሜስ ስታቡሊ" የመጣ ነው፣ የጋጣ ሹም ማለት። የእኛው ባልደራስ! አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስ ስንል ሰፈሩ ነው የሚታወሰን እንጂ የንጉሥ ፈረሶች አለቃ ማዕረግ ነበር። እዚያም እንደዚሁ ነው የተጀመረው። ፈረስ የያዘ ጦር ያዘ፣ ጦር የያዘ ግንብ ያዘ። በእንግሊዝ ሁለት ዓይነት ሆኑ። አንደኛው በመላ አገሩ አንድ ብቻ የሆነው ዋናው ኮንስታብል ነው፣ የንጉሡ የጦር ሹም። ሌሎቹ በየግንቡ የሚሾሙት ናቸው። እነዚህኞቹን በአማርኛ ልጥራቸው ካልኩ ባላምባራስ ነው የምላቸው፣ የአምባ አለቃ። በቃሉ ባልደራስ፣ በሥራው ባላምባራስ።

ሥራው ምንድን ነው? ቁልፍ መያዝ። ንጉሡ ብዙ ግንብ አለው፣ እሱ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ከነጓዙ ሲዞር ነው የሚኖረው። ስለዚህ በሌለበት በሩን የሚዘጋ፣ ጎተራውን የሚሞላ፣ ዘበኛ የሚቀጥር፣ እስረኛ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ቤቱ የእሱ አይደለም። ግን በሩ ከውስጥ ከተዘጋ ማን ያስወጣዋል? ንጉሡን እንቅልፍ የሚነሳው ይቺ ናት።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ የመጀመሪያዎቹ የታወር ኮንስታብሎች ቤተሰብ ነው። አያትየው ጄፍሪ ደ ማንደቪል፣ ከዊልያም ጋር የመጣ ኖርማን ነው። ልጁ ዊልያም ደ ማንደቪል ቁልፉን ከአባቱ ተረከበ፣ እጁ ላይም ራኑልፍ ፍላምባርድ የሚባል ጳጳስ ታሰረ። ይህ ሰው ለቀድሞው ንጉሥ ግብር እየሰበሰበ ሕዝቡን ያስለቀሰ ነው። በየካቲት 1101 ወዳጆቹ በወይን በርሜል ውስጥ ገመድ ደብቀው ላኩለት። ጳጳሱ ጠባቂዎቹን ጋበዘ፣ አሰከረ፣ በመስኮት በገመዱ ወርዶ ፈረንሳይ ገባ። ንጉሡ ኮንስታብሉን ምን አደረገው? ርስቱን ነጠቀው።

የአያትየው የልጅ ልጅ፣ ሌላው ጄፍሪ፣ ይህንን አልረሳም። ስቲቨንና ማቲልዳ በዘውድ ሲጣሉ ታወር በእጁ ነበር። አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ እየተገለበጠ፣ በተገለበጠ ቁጥር የአያቱን ርስትና ተጨማሪ ሹመት በጽሑፍ እያስፈረመ ኖረ። ጎበዝ ነጋዴ! በ1143 ስቲቨን በድንገት አሰረውና "ቁልፉን ወይ አንገትህን" ዓይነት ምርጫ ሰጠው። ቁልፉን ሰጠ፣ ሸፈተ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ጥቅማ ጥቅሙ ግን ያስቀናል። ወደ ለንደን ሽቅብ የሚወጣ መርከብ ሁሉ ታወር ወደብ ቆሞ ከጭነቱ ለኮንስታብሉ ያካፍላል፣ ወይን ከሆነ ወይን፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር ምግብ ከሆነ ኦይስተር። ከለንደን ድልድይ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ፈረስ፣ በሬ፣ በግ፣ አሳማ የእሱ ነው። በድልድዩ ሥር የተንሳፈፈ ስዋን ወፍም የእሱ ነው። (ድልድዩ ላይ ከብት የሚገፋ ሰው ይቀጥር ነበር ወይ ብዬ ሳልጠረጥር አልቀረሁም።) የወይኑ ነገር ዛሬም በሥርዓት ደረጃ አለ፣ የባሕር ኃይል መርከብ ለንደን ሲመጣ ካፒቴኑ አንድ በርሜል ወይን ያስረክባል።

ሳቅ ብቻ አይደለም ታዲያ። የለንደን አይሁዶች በዚህ ኮንስታብል ሥልጣን ሥር ነበሩ። ሕዝብ ሲነሳባቸው ታወር ገብተው ይሸሸጋሉ፣ በ1278 ደግሞ የሳንቲም ጠርዝ ቆርጣችኋል ተብለው 600 ያህሉ እዚያው ታወር ታሰሩ። ያስጠለላቸው በርና የታሰሩበት በር አንድ ነው።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ። የፍላምባርድን ታሪክ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "እስረኛ ሲያመልጥ ጠባቂው ነው የሚጠየቀው፣ ያኔም እንደዚያ ነበር?" አሉ። ምን እንዳስታወሱ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

ዶቨር። በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ከጣቢያው ወደ ግንቡ ያለው ዳገት ግን የዋዛ አይደለም፣ እንጦጦን በእግር ለወጣ ሰው ምንም አይደል ብዬ ጀምሬ ግማሹ ላይ ልቤ ጠፋ። ነፋሱስ! እህቴ በቋጠረችልኝ ፍርፍር ላይ ነፋስና አሸዋ ተጨምሮ በላሁ።

ከላይ ሲታይ ነገሩ ይገባል። ከታች ባሕሩ ነው፣ ማዶ ፈረንሳይ። ቀኑ ጥርት ያለ ስለነበር የማዶው ዳርቻ እንደ ነጭ ክር ይታየኝ ነበር። የድሮ ጸሐፊዎች ዶቨርን "የእንግሊዝ ቁልፍ" ይሏት ነበር።

እዚህ የምፈልገው ሰው ሁበርት ደ በርግ ነው። በ1216 ባላባቶቹ በንጉሥ ጆን ላይ አምፀው የፈረንሳዩን ልዑል ሉዊን "ና ንገሥብን" ብለው ጠሩት። ሉዊ መጣ፣ ለንደን ገባ፣ አገሩ ግማሹ ገበረለት። ዶቨር ግን አልከፍትም አለ። ኮንስታብሉ ሁበርት ነበር። የሉዊ ቆፋሪዎች በሰሜኑ በር ሥር ምድሩን ፈልፍለው አንዱን ማማ ጣሉት። የውስጦቹ ክፍተቱን በግንድ ደፍነው ያዙት። ዛሬ ከግንቡ ሥር የምትገባበት የመካከለኛው ዘመን ዋሻ አለ፣ በዚያ ከበባ ሰበብ የተቆፈረ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጨልማል፣ ቶሎ ወጣሁ።

በጥቅምት ወር ጆን ሞተ። ሉዊም ሁበርትን አነጋገረው፣ "ጌታህ ሞቷል፣ አሁን ለማን ነው የምትጠብቀው? ስጠኝ፣ ትልቅ ሰው አደርግሃለሁ።" ሁበርት ንጉሡ ቢሞትም ልጆች አሉት ብሎ መለሰ። አልጋ ወራሹ የ9 ዓመት ልጅ ነው! ቁልፉን ለዚያ ሕፃን ነው የያዘው። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ሁበርት ራሱ መርከብ ይዞ ወጥቶ ለሉዊ የሚመጣውን ደራሽ ጦር ባሕር ላይ መታው። ጦርነቱ በዚህ አበቃ።

ከከበባው በኋላ ያ የፈረሰው የሰሜን በር ለዘለዓለም ተዘጋ። በምትኩ በምዕራብ በኩል ትልቅ በር ተሠራ፣ የኮንስታብል በር ይባላል። በር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከላዩ መኖሪያ ቤት ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ተኛበት በሉት። የዶቨር ኮንስታብልነት እስካሁን አለ፣ የወደብ ከተሞቹ ጠባቂነት ከሚባለው ሹመት ጋር ተደርቦ ይሰጣል። ቸርችልም ይዞት ነበር።

ሁበርት መጨረሻው አላማረም። በ1232 ያ ሕፃን ንጉሥ አድጎ፣ ወሬ ሰምቶ፣ አሰረው። የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ እግር ብረት እንዲያስርለት የተጠራው ቀጥቃጭ "እንግሊዝን ለእንግሊዝ ያስቀረ ሰው እግር ላይ ብረት ከማደርግ ሞት ይሻለኛል" ብሎ እምቢ አለ። እኔ ከሁበርት ይልቅ ይህን ቀጥቃጭ ወደድኩት። ስሙ እንኳ የለም።

ረቡዕ

ሊንከን ለመሄድ በጠዋት ተነስቼ ባቡሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ዘገየ። የየትኛው ድርጅት ባቡር እንደሆነ አልናገርም፣ ምክንያቱንም አልነገሩንም፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቆመ። የእኛ ሰው ቢሆን እስካሁን ተዋውቆ፣ ቡና ተገባብዞ፣ ልጅ ተዳድሮ ነበር።

ሊንከንም ዳገት ነው። እንደውም መንገዱ ራሱ "ቀጥ ያለ ዳገት" ነው የሚባለው። ከላይ በአንድ ወገን ካቴድራሉ፣ በሌላው ግንቡ። በ1068 ግንቡ ሲሠራ ለቦታው 166 ቤት እንደጠፋ የዊልያም የራሱ የመሬት ቆጠራ ይመሰክራል። ምትክ ቦታ የሚባል ነገር የለም።

ግንቡ ላይ ዙሪያውን የሚያስኬድ መንገድ አለ። እዚያ ላይ ስሄድ ስለ ኒኮላ ደ ላ ሄይ አሰብኩ። ሴት ናት፣ የሊንከን ኮንስታብል። ወንድ ወንድም ስላልነበራት ሹመቱን ከአባቷ ወረሰች። በ1191 ባሏ ገና ካልነገሠው ከልዑል ጆን ጋር ሳለ የንጉሡ እንደራሴ ግንቡን ከበበ፣ እሷ ከ40 ቀን ላላነሰ ጊዜ ያዘችው። እንደራሴው ሎንግቻምፕ ይባላል፣ ታወርንም የያዘ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ተዋርዶ ሲሸሽ ዶቨር ላይ የሴት ልብስ ለብሶ ተያዘ። ታሪክ አንዳንዴ ራሱ ይቀልዳል።

በጣም የወደድኩት ግን ይህኛው ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ጆን በመጨረሻ ዘመኑ ሊንከን ሲመጣ ኒኮላ በበሩ ወጥታ ቁልፎቹን አቀረበችለት። አርጅቻለሁ፣ ብዙ ደክሜያለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም አለችው። ያ ክፉ የሚባለው ጆን በለሰለሰ ቃል፣ ካልከፋሽ ሌላ እስካዝ ድረስ አንቺው ያዢው አላት። ከዚያም ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት የአውራጃውን ሸሪፍነት ደረበላት።

በ1217 ዕድሜዋ ከ60 በላይ ሲሆን ከተማው በጠላት እጅ ነበር፣ ግንቡ ግን በእሷ። ሉዊ ጦሩን ከፍሎ ግማሹን ወደ ዶቨር ወስዶት ነበር፣ ትናንት ያየሁት በር ላይ ሁበርትን ሊያስከፍት። ግማሹ እዚህ ቀረ። ግንቦት 20 ቀን ዊልያም ማርሻል የሚባለው የ70 ዓመት ሽማግሌ ጦር ይዞ ደረሰላት፣ ፈረንሳዮቹ በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ላይ ተሸነፉ። እዚህና ዶቨር ያሉት ሁለቱ በሮች ባይዘጉ ኖሮ እንግሊዝ የፈረንሳይ ንጉሥ ይኖራት ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ሽልማቷ? በአራተኛው ቀን ሸሪፍነቱ ተነጥቆ ለንጉሡ አጎት ተሰጠ። ግንቡንም ሊወስድባት ሞከረ። እሷ ግን ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዳ ተከራክራ ግንቧን አስመለሰች፣ እስከ 1226 ድረስም አልለቀቀችም።

ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት "በለው! አክስት ነው የምትመስለው" አለች። በእውነት የእኛ ቤት አክስቶች አሉባት።

ግንቡ ውስጥ ባላባቶቹ ንጉሥ ጆንን ያስቀበሉት የ1215ቱ ሰነድ፣ ማግና ካርታ፣ አለ፣ በዓለም ላይ ከቀሩት አራት ቅጂዎች አንዱ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፣ ብራናው ትንሽ፣ ጽሑፉ ደቃቅ። ስለ ነፃነት የተጻፈ ትልቅ ሰነድ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ትርጉሙን ሳነበው ግን ስለ ኮንስታብል ስሞታ ሞልቶበታል! ኮንስታብል የሰው እህል ወስዶ ወዲያው ሳይከፍል እንዳይሄድ። ግንብ ጥበቃ ያለበት ባላባት ራሱ እጠብቃለሁ ካለ ኮንስታብሉ ገንዘብ አምጣ ብሎ እንዳያስገድደው። ኮንስታብል የንጉሥን ችሎት እንዳያይ። ንጉሡም ሕግ የሚያውቅና ሊጠብቀው የሚወድ ሰው ብቻ እንዲሾም። ይህ ሁሉ የተጻፈው በየአገሩ ያለው ኮንስታብል እንዲህ እያደረገ ስለነበር ነው። ገበሬው ንጉሡን በዕድሜው አንድ ጊዜ ላያይ ይችላል፣ የኮንስታብሉን ሎሌ ግን ጎተራው በር ላይ ያየዋል።

ሐሙስ

ዊንዘር። እዚህም አንድ ኮንስታብል አለ፣ ኤንጌላርድ ደ ሲኞኜ የሚባል ባዕድ። ማግና ካርታው በስሙ ጠርቶ "ይሄ ሰውዬ ከነዘመዶቹ ከሹመት ይነሳ" ይላል። ሰነዱ በንጉሡ ማኅተም የጸደቀበት የራኒሚድ ሜዳ ከዊንዘር ቅርብ ነው፣ ሰውዬው ከግንቡ ጫፍ ሆኖ ሳያይ የሚቀር አይመስለኝም። በዓመቱ ባላባቶቹ ዊንዘርን ሲከብቡ ውስጥ ሆኖ ለንጉሡ የያዘላት ማን ነው? እሱው።

ግን ዛሬ ለኤንጌላርድ ልብ አልነበረኝም። ዊንዘር የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ገብቼ የልዑል ዓለማየሁን ሰሌዳ አየሁ። የቴዎድሮስ ልጅ፣ በ7 ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በ1879 የሞተው። ያስቀመጠችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ከታች "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል" የሚለው የወንጌል ቃል አለ። አጠገቤ ብዙ ሰው ያልፍ ነበር፣ የሚቆም የለም። አጽሙ ይመለስ ሲባል በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል፣ የሌሎችን ዕረፍት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ። ቆምኩ፣ አማተብኩ፣ ወጣሁ።

በባቡር ስመለስ ስልኬን አውጥቼ የታወርን ኮንስታብሎች ስም ዝርዝር እያነበብኩ ነበር፣ ሐሳቤን ልቀይር ብዬ። ቶማስ ቤኬት አለበት፣ ቅዱስ ከመሆኑ በፊት። የዋተርሉው ዌሊንግተን አለበት። ወረድ ስል ከ1887 እስከ 1890፦ ሎርድ ኔፒየር ዘመቅደላ።

ደግሜ አነበብኩት። ራሱ ነው። ሮበርት ኔፒየር፣ በ1868 መቅደላን ይዞ ያቃጠለው ጄኔራል። "ዘመቅደላ" የሚለውን ማዕረግ ንግሥቲቱ ሰጠችው፣ በእርጅናው ደግሞ የታወርን ኮንስታብልነት ጨመረችለት። እስኪሞት ያዘው። አምባ አቃጥሎ ባላምባራስ ሆነ። ባቡር የምቀይርበት ስላው ጣቢያ ሲደርስ ሳልወርድ ቀረሁ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። "በል ይሄን ለዘመዶችህ አትንገር፣ ከኔ ጋር ያገናኙታል" አሉ። ስቀው ነበር፣ ግን ብዙም አልሳቁም።

ዓርብ

ቀኑን ተኛሁ። ማታ እህቴ ከወራት በፊት ሳትነግረኝ የያዘችልኝን ቲኬት አወጣች፣ የታወር የቁልፍ ሥርዓት።

መንገድ ላይ ጋሼ ጠይቀውኝ የነበረውን ቀሪ ጥያቄ ለእህቴ አስረዳኋት፣ ኮንስታብል ከዚያ ከፍታ እንዴት ወረደ የሚለውን። ዋናው ኮንስታብልነት በ1521 ባለሹመቱ የባኪንግሃም መስፍን በሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ ከተሰየፈ በኋላ ቀረ፣ አሁን ለዘውድ ጭነት ቀን ብቻ ይሾማል። ስሙ ግን ወደ ታችም ሄዶ ነበር። በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ሕግ በየወረዳው ሁለት ኮንስታብል እንዲኖር አዘዘ፣ የሰዉን የጦር መሣሪያ እንዲቆጥሩ። ከዚያ የየመንደሩ ኮንስታብል መጣ፣ በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ስሙን ተረከበ፣ ከዚያ ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። "ታዲያ ጋሼ ትክክል ናቸው" አለች። ትክክል ናቸው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ። ፎቶ አይፈቀድም፣ ስልክ ይዘጋል። ቀይ ካባ የለበሰ ዋና ጠባቂ በአንድ እጁ ፋኖስ በሌላው ቁልፍ ይዞ ከጨለማው ወጣ። በሮቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ድምፁ ይሰማል፣ የብረት ድምፅ። ከዚያ በድንጋዩ ቅስት ሥር ወታደሩ ጮኸበት።

"ቁም! ማነህ?"

"ቁልፎቹ።"

"የማን ቁልፎች?"

"የንጉሥ ቻርልስ ቁልፎች።"

"እለፍ።"

በየማታው እንዲህ ነው፣ ለመቶዎች ዓመታት። ሰውዬው ስሙን አይናገርም። ማነህ ሲባል ቁልፎቹ ነኝ ነው የሚለው። እህቴ ክንዴን ያዘችኝ፣ ብርድም ነበር። መለከቱ ተነፋ፣ 4 ሰዓት ተደወለ፣ ቁልፎቹ ሊያድሩ ወደ ውስጥ ሄዱ።

እኛን በትንሿ በር አስወጡን። ስልኬን ስከፍት ጋሼ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር፣ አዲስ አበባ ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፏል። መልሼ ደወልኩ። "አልተኛህም?" አሉኝ፣ እሳቸው ሳይተኙ። "በሩን ቆልፌ መጣሁ" አልኳቸው።